ጀበናዬን የሻይ ማንቆርቆሪያ እያደረገ ያስቸገረኝ ምስል ሰሪ ኤአይ፣ እባካችሁ እርዱኝ

የረከቦት_ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ቤተሰብ እንዴት አመሻችሁ። ታላቅ እህቴ ሰሚት አካባቢ ጀበና ቡና ልትከፍት ነው፣ ቦታውን ተከራይታ ቀለም አስቀብታ ጨርሳለች፣ ለፊት ለፊቱ ባነር እና ለቴሌግራም ቻናሏ የሚሆን ምስል ደግሞ እኔ እሰራልሻለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት ምክንያቱም ዲዛይነር የጠየቃት ብር አሁን ከአቅሟ በላይ ነው። አምስት ቀን ሙሉ ማታ ማታ ስልኬ ላይ በነፃ ምስል በሚሰራ ኤአይ ስታገል ከረምኩ።

ኢትዮጵያዊት ሴት ቡና ስታፈላ ብዬ በእንግሊዝኛ እፅፋለሁ። የሚወጣው ምስል መጀመሪያ ሲያዩት በጣም ያምራል፣ ብርሃኑ ጭሱ የሴትየዋ ፊት ሁሉ። ቀረብ አድርጌ ሳየው ግን ጀበናው ጀበና አይደለም። አንዴ የአረብ የናስ ማንቆርቆሪያ ነው፣ አንዴ አበባ የተሳለበት ነጭ የሻይ ማፍያ፣ አንዴ ደግሞ ግራና ቀኝ ሁለት መቅጃ አፍ ያለው ነገር አመጣልኝ። ሲኒው ትልቅ ኩባያ ሆኗል። ቀሚሷ ላይ ያለው ጥለት የህንድ ሳሪ ነው የሚመስለው። ቄጤማ ብዬ ስጨምርበት ወለሉን የደረቀ ሳር ሞላው። ከኋላ ሰሌዳ ላይ ቡና ብለህ ፃፍ ስለው ፊደል የሚመስል ግን ማንም የማያነበው ነገር ይፅፋል።

እህቴ ምስሉን ሳሳያት ዝም ብላ ካየችው በኋላ "ያምራል፣ ግን ይሄ የማን አገር ነው?" አለችኝ። በጣም ነው ያዘንኩት ምክንያቱም እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታፈላው ቡና ነው እና ባነሯ ላይ የሌላ ሰው እቃ እንዲለጠፍ አልፈልግም። ፕሮምፕት፣ ማለትም ለማሽኑ የሚፃፈውን ትዕዛዝ፣ መፃፍ ስለማልችል ነው ወይስ ማሽኑ አያውቀውም? ላፕቶፕ አለኝ ግን አሮጌ ነው ግራፊክስ ካርድ የለውም።


ፒክስል_በፒክስል
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡55

የፃፍሽውን ፕሮምፕት እንዳለ ለጥፊልን፣ ካላየነው መገመት ነው የሚሆነው።


የረከቦት_ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡02

በአማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፦ ቆንጆ ኢትዮጵያዊት ሴት፣ የባህል ቡና፣ ጀበና፣ ሀበሻ ቀሚስ፣ ምርጥ ጥራት፣ እውነተኛ ፎቶ የሚመስል። ይሄው ነው።


ባለ_ላፕቶፑ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

እህቴ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ትንሽ ዘርዘር ላድርገው። እነዚህ ሞዴሎች የተማሩት ከኢንተርኔት ላይ ከተሰበሰበ ምስል እና ከምስሉ ጋር አብሮ ከተፃፈ መግለጫ ነው። ለምሳሌ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጡት የመጀመሪያዎቹ ስቴብል ዲፊውዥን ሞዴሎች ላየን ከሚባል ግዙፍ ክምችት ነው የተማሩት፣ በብዛትም መግለጫው እንግሊዝኛ ከሆነው ክፍል። እዛ ውስጥ የሻይ ማንቆርቆሪያ ፎቶ ተቆጥሮ አያልቅም። የኛ ጀበና ደግሞ ቢኖር እንኳ ከስሩ የሚፃፈው "የኢትዮጵያ ቡና" የሚል ነገር ነው እንጂ ይሄ አንገቱ ነው፣ ይሄ ውታፉ ነው፣ ይሄ ማቶቱ ነው ብሎ የሚዘረዝር እምብዛም ነው። ስለዚህ ጀበና ስትይው ማሽኑ ከሚያውቀው ነገር በጣም የሚቀርበውን ያመጣል፣ እሱም ማንቆርቆሪያ ነው።

እኔ የማደርገው ስሙን መጥራት ብቻ ሳይሆን ቅርፁን መናገር ነው። ስለ ጀበና ምንም ለማያውቅ ሸክላ ሰሪ በስልክ እያዘዝሽ እንደሆነ አስቢው። ከጥቁር ሸክላ የተሰራ፣ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ቀጥ ያለና ረዘም ያለ፣ ከአንገቱ ግርጌ አጠር ያለ አንድ መቅጃ አፍ ያለው፣ በሌላኛው በኩል ከአንገቱ ወደ ሆዱ የሚወርድ አንድ እጀታ፣ አፉ ላይ ውታፍ ያለበት፣ ከሰል ላይ የተቀመጠ። ይሄንን በእንግሊዝኛ ፃፊውና ከፊት አድርጊው። ከፊት ያልኩሽ በምክንያት ነው፣ የቆዩት ሞዴሎች በአንድ ጊዜ የሚያነቡት 77 ቶክን (ቃል ወይም የቃል ቁራጭ) ነው፣ ከዛ ሁለቱ የመክፈቻና የመዝጊያ ምልክት ናቸው፣ አንዳንድ ፕሮግራም የተረፈውን ቆራርጦ ያስገባል እንጂ በራሱ ከዛ በላይ ያለውን አያየውም። "ምርጥ ጥራት" ምናምን የሚለውን አውጪው፣ ቦታ ነው የሚይዘው።

ደግሞ "ማንቆርቆሪያ አይሁን" ብለሽ ዋናው ፕሮምፕት ላይ እንዳትፅፊ። አብዛኞቹ ምስል ሰሪዎች "አይሁን" የሚለውን በደንብ አይዙም፣ ማንቆርቆሪያ የሚለውን ቃል ይይዙና እሱኑ ይሰሩልሻል። ኔጋቲቭ ፕሮምፕት የሚል ለብቻው የተሰራ ሳጥን ካለ እዛ ነው የሚፃፈው።


ትዕግስት_አለኝ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡48

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጀበናም እኮ አንድ አይነት አይደለም። እኛ ጋር ትግራይ ውስጥ የማውቀው ጀበና መቅጃ አፍ ለብቻው የለውም፣ በአንገቱ ነው የሚቀዳው። ስለዚህ እህትሽ የምትጠቀመው የትኛው እንደሆነ አይተሽ ግለጪው አለዚያ ደግሞ ሌላው ሰው ይሄ የኛ አይደለም ይልሻል።


የረከቦት_ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

ባለ ላፕቶፑ እግዚአብሔር ይስጥህ። እንዳልከኝ ቅርፁን ዘርዝሬ ፃፍኩት፣ ለውጡ በጣም ይታያል፣ አሁን ጥቁር ሆኗል አንገትም አውጥቷል። ባለ መቅጃ አፉ ነው የእህቴ። ግን አፉ አሁንም የሻይ ማንቆርቆሪያ አፍ ነው፣ ጎበጥ ብሎ ረዝሞ ይወጣል። ሌላው ደግሞ በጣም ያናደደኝ ነገር፣ አንድ ጊዜ የሴትየዋ አቀማመጥ፣ ረከቦቱ፣ የመስኮቱ ብርሃን ሁሉ ልክ ሆኖ ወጣና አፉን ብቻ አስተካክለው ብዬ ደግሜ ስጫነው ሁሉንም ነገር ቀየረው፣ ሴትየዋም ሌላ ሴት ሆነች። የመጀመሪያውን መልሼ ማግኘት አልቻልኩም።


ፒክስል_በፒክስል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

እሱ ሲድ የሚባለው ነገር ነው። ማሽኑ ምስል የሚጀምረው ከባዶ ወረቀት አይደለም፣ ድሮ ቲቪ ጣቢያው ሲጠፋ የሚያሳየው ነጠብጣብ አለ አይደል፣ ከእንደዛ አይነት ነጠብጣብ ተነስቶ ደረጃ በደረጃ እያጠራ ነው የሚሰራው። ያ መነሻ ነጠብጣብ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩ ሲድ ይባላል። ሲዱን ካልያዝሽው በየጊዜው ሌላ ነጠብጣብ ነው የሚሰጥሽ፣ ስለዚህ ሴትየዋም ሌላ ትሆናለች። የምትጠቀሚበት አፕ ሲድ የሚያሳይ ከሆነ ቆንጆ በወጣልሽ ቁጥር ፅፈሽ ያዢው።

ግን ሲድ ይዘሽም ፕሮምፕቱን ስትቀይሪ ሌላውም ቦታ ትንሽ ትንሽ መነካካቱ አይቀርም። አንድ ቦታ ብቻ ለመጠገን መፍትሄው ኢንፔይንት ነው። በጣትሽ ወይ በማውስ አፉ ላይ ብቻ ትቀቢያለሽ፣ የቀባሽው ማስክ ይባላል፣ ከዛ ማሽኑ ማስኩ ውስጥ ያለውን ብቻ እንደገና ይሰራል፣ ሌላውን አይነካም። ስትቀቢ ጠርዙ ላይ ልክ አትጨርሺ፣ ትንሽ አልፈሽ ቅቢ፣ ከሆዱም ከአንገቱም ትንሽ ይግባ፣ አለዚያ አዲሱ አፍ የተለጠፈ ይመስላል። እና ፕሮምፕቱን ለዛች ቦታ ብቻ ቀይሪው፣ ስለ ሴትየዋ ስለ ቀሚሷ አታውሪ። ብዙ ሰው እዚህ ጋር ነው የሚሳሳተው፣ ሙሉውን ፕሮምፕት እንዳለ ይተወውና ማስኩ ውስጥ ትንሽዬ ሴት ተቀምጣ ያገኛል።


የሰሌዳ_ፀሐፊ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ልጆች እንደምን አመሻችሁ። እኔ በብሩሽ ሰሌዳ እየፃፍኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት፣ ኮምፒውተሩን ልጄ ነው የሚያሳየኝ። የምትሉትን በትኩረት አነበብኩት፣ ጥሩ ትምህርት ነው። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ይቺ ልጅ ጀበናው እቤቷ አለ። እህቷም አለች። ሲኒውም ረከቦቱም እቤት አለ። አምስት ቀን ሙሉ አይቶ ለማያውቅ ማሽን ጀበና እንዲህ ነው እያሉ ከመለመን ለምን ጀበናውን ፎቶ አንስታ አታሳየውም? እኛ የስጋ ቤት ሰሌዳ ስንሰራ በሬውን የማያውቅ ልጅ ከሆነ የሚስለው ሂድና በረት ገብተህ አይተህ ና እንለው ነበር። የሚያምረው በግምት የተሳለው አይደለም።


ባለ_ላፕቶፑ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡44

ጋሼ እውነትዎን ነው፣ እኔ መጀመሪያውኑ ማለት የነበረብኝን ነው ያሉት። ፕሮምፕት ፕሮምፕት እያልን ከፎቶ መነሳት እንደሚቻል ሳንነግራት ቀረን። የረከቦት ልጅ፣ ጋሼን ስሚያቸው። አሁን ያሉት መሳሪያዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ፎቶ ይቀበላሉ።


ሌንስ_እና_ብርሃን
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ፎቶ ካልሽ እኔ ልግባ ስራዬ ስለሆነ። ጥቁር ጀበና ፎቶ ለማንሳት ከባድ እቃ ነው፣ ፍላሽ ካበራሽበት አንድ ነጭ ነጥብ ሆዱ ላይ ይወጣና ሌላው ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ፍላሹን አጥፊው። ጠዋት ወይ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ፀሀይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት አጠገብ አስቀምጪው፣ መስኮቱ በስተግራ ይሁን፣ በስተቀኝ ደግሞ ነጠላ ወይ ነጭ ወረቀት አቁሚ፣ ብርሃኑን ይመልስና የቀኙን ጎን ከጨለማ ያወጣዋል። ያኔ ሆዱ ክብ መሆኑ ይታያል፣ አንገቱም ከኋላው ይለያል።

ካሜራውን ከላይ ወደ ታች አድርገሽ አታንሺ። ዝቅ በይ፣ ረከቦቱ ከፍታ ላይ ሁኚ። ስልክሽን በጣም አታስጠጊው፣ ስትጠጊ ሆዱን ያሳብጠዋል፣ ራቅ ብለሽ ሁለት እጥፍ ዙም አድርጊ። ደግሞ ባዶ ጀበና አታንሺ፣ እህትሽ ስትቀዳ አንሺያት። ኤአይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እጅ ላይ ነው፣ የእሷን እውነተኛ እጅ ካነሳሽ ግን ስለ ጣት ቁጥር የምትጨነቂበት ነገር የለም። ከሲኒው ጋር የሚገናኘው ቀጭኑ የቡና መስመር ደግሞ አስር ጊዜ አንስተሽ አንዴ ነው የሚገኘው፣ ስለዚህ በተከታታይ የሚያነሳውን ሞድ ተጠቀሚ።


ፒክስል_በፒክስል
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡35

ፎቶውን ካነሳሽ በኋላ ሁለት መንገድ አለ፣ ልዩነቱን እወቂው።

አንደኛው ከምስል ወደ ምስል የሚባለው ነው። ፎቶሽን ትሰጪዋለሽ፣ እሱ ላይ ነጠብጣብ ይጨምርበትና እንደገና ያጠራዋል። ምን ያህል ነጠብጣብ እንደሚጨምር የምትወስኚው ዲኖይዝ በሚባለው ቁጥር ነው፣ ከ0 እስከ 1። ከ0.3 አካባቢ ካደረግሽው ፎቶሽ ፎቶሽ ሆኖ ይቀራል፣ ቀለሙና መልኩ ትንሽ ነው የሚለወጠው። 0.5 ስትደርሺ ነገሮች መንሸራተት ይጀምራሉ፣ 0.7 ላይ አቀማመጡ ብቻ ቀርቶ ጀበናሽ ተመልሶ ማንቆርቆሪያ ሊሆን ይችላል። የምትሄጂው ከታች ወደ ላይ ነው፣ በ0.05 በ0.05 እየጨመርሽ ሲዱን ሳትቀይሪ እዪው፣ የቱ ጋር እንደሚበላሽ በአይንሽ ታዪዋለሽ።

ሁለተኛው እኔ ላንቺ የምመርጠው ነው። ቅድም ያልኩሽን ማስክ ገልብጪው። ጀበናውን፣ እጇን፣ ሲኒውን፣ ቀሚሷን አትንኪ፣ ዙሪያውን ብቻ ቅቢ፣ ማሽኑ ከኋላ ያለውን ብቻ ይስራ። ግድግዳው፣ የእጣን ጭሱ፣ ከኋላ የደበዘዘ ሰው፣ የመስኮት ብርሃን፣ እነዚህን ደህና አድርጎ ነው የሚሰራው ምክንያቱም እነሱ የትም አገር አንድ ናቸው። የማያውቀውን አንቺ ስጪው፣ የሚያውቀውን እሱ ይስራ። እና ፎቶው ላይ ብርሃኑ ከግራ ከሆነ ፕሮምፕቱም ላይ ብርሃን ከግራ በይ፣ አለዚያ ጀበናው ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል።

ግራፊክስ ካርድ የለኝም ላልሽው፣ ጎግል ኮላብ በሚባለው፣ በኢንተርኔት የጎግልን ኮምፒውተር በሚያስጠቅመው አገልግሎት ላይ በነፃ የሚሰጡት ካርድ ለዚህ ይበቃል ግን ሰዓቱ የተወሰነ ነው። እሱ ከከበደሽ በንግግር ፎቶ የሚያርሙት አዲሶቹ አሉ፣ ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ በጣም ተሻሽለዋል፣ ፎቶ ሰጥተሽ "ሴትየዋንና እቃዎቹን ሳትነካ ጀርባውን ብቻ ቀይር" ማለት ነው፣ አንዳንዶቹ አማርኛም ይገባቸዋል። ብቻ ሳትነካ ብትዪውም ነክቶ ሊሆን ስለሚችል ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ አረጋግጪ።


ከሲልቨር_ስፕሪንግ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡20

ሰላም ለሁላችሁ ከዚህ ማዶ። እኔ እዚህ ሜሪላንድ ለሀበሻ ሬስቶራንቶች ሜኑ እሰራለሁ፣ ይሄ የጀበና ነገር ደረቴን ስላቃጠለው ነው የምፅፈው። በየጊዜው ምስል መስራት ለሚፈልግ ሰው ሎራ የሚባል ነገር አለ። ትልቁን ሞዴል ሳትነካ ትንሽ ተጨማሪ ነገር ታስተምረዋለህ፣ ሃያ ሰላሳ ፎቶ ይበቃል። እኔ የእናቴን መሶብ፣ ጀበና እና ሲኒ አስተምሬዋለሁ። ከልምዴ የምነግራችሁ፣ መጀመሪያ የሰራሁት አልሆነም ምክንያቱም ፎቶዎቹን ሁሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ አንድ መጋረጃ ፊት ነበር ያነሳሁት፣ ማሽኑ መጋረጃውንም የጀበናው አካል አድርጎ ያዘው፣ ጀበና ባልኩት ቁጥር ቢጫ መጋረጃ ያመጣል። ሁለተኛው ጊዜ ግቢ ውስጥ፣ ኩሽና ውስጥ፣ ሳር ላይ፣ በጠዋት በማታ፣ ከጎን ከፊት እያደረግኩ አነሳሁ፣ በየፎቶው ስር ደግሞ ከጀበናው ውጪ ያለውን ሁሉ ዘርዝሬ ፃፍኩ፣ ከዛ በኋላ ነው የተስተካከለው። ለአንድ ባነር ግን ይሄን ያህል መድከም አያስፈልግሽም እህቴ፣ ፎቶው ይበቃሻል።

ሌላ ምክር፣ ሎጎሽን በኤአይ ብቻ አታሰሪ። እዚህ አሜሪካ የኮፒራይት ቢሮ በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. አንድ ኮሚክ መፅሐፍ ላይ በሰጠው ውሳኔ ፅሁፉንና ቅንብሩን የሰው ስራ ነው ብሎ ሲጠብቅ በኤአይ የተሰሩትን ምስሎች ግን ጥበቃ አልሰጣቸውም። ያ የዚህ አገር ህግ ነው፣ ግን ስራዋ አድጎ ነገ ሎጎዋን ሌላ ሰው ቢወስደው የሰው እጅ የሰራው ነገር በእጇ ቢኖር ይሻላል።

እና እባካችሁ ምግብን በኤአይ አትስሩ። አንድ ደንበኛዬ ዶሮ ወጥ በኤአይ አሰርቶ ሜኑ ላይ ለጥፎ ነበር፣ እንጀራው አይን የለውም፣ ወፍራም ፓንኬክ ነው፣ እንቁላሉ ግማሽ ተቆርጦ ተደርድሯል። አንዲት እናት ሜኑውን አይተው "ይሄን ነው የምታበሉን?" ብለው ተነስተው ሄዱ።


የሮሃ_አስጎብኚ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡10

እኔ ላሊበላ አስጎብኚ ነኝ፣ ከርዕሱ ትንሽ ብወጣም ከምትሉት ጋር ይገናኛል። ቤተ ጊዮርጊስን በኤአይ የሰሩት ምስል በየፌስቡኩ ይዞራል። አብዛኛው ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ላይ ቆሟል፣ ድንጋይ በድንጋይ ተገንብቶ። ዋናው ነገር እኮ አለመገንባቱ ነው፣ ከአንድ አለት ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ ነው የወጣው፣ ጣሪያው ከመሬቱ እኩል ነው፣ ሰው ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች ነው የሚያየው። አክሱም ላይም እንደዛው ነው፣ ሐውልቱን የግብፅ ያደርጉታል፣ ጫፉን እንደ ፒራሚድ ያሾሉታል። የኛ ጫፉ ክብ ነው፣ ፊቱ ላይ የተቀረፀ በርና መስኮት አለው። ከሮም በ2005 እ.ኤ.አ. ተመልሶ በ2008 እ.ኤ.አ. የተተከለው 24 ሜትር ገደማ ነው፣ ፎቶው በየቦታው አለ፣ እያለ ለምን በግምት እንደሚሰሩት አይገባኝም። እንግዳ መጥቶ ስልኩን እያሳየኝ "ይሄኛው የት ነው?" ይለኛል፣ የለም ስለው ያላሳየሁት ይመስለዋል።


ባለ_ላፕቶፑ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡35

ለእውነተኛ ቦታ እኔ ጭራሽ ባይሰራ ነው የምለው። የግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ድሮ ሲፈለፈል እንዴት ይመስል ነበር ብሎ ለተማሪ ለማሳየት ከሆነ፣ ኮንትሮልኔት የሚባል አለ፣ ከእውነተኛ ፎቶ ላይ የጥልቀት ካርታ (የቱ ቅርብ የቱ ሩቅ እንደሆነ የሚያሳይ) አውጥቶ ቅርፁን አስሮ ይይዘዋል፣ ማሽኑ ጉድጓዱን በቀላሉ ሜዳ አያደርገውም። ከስሩም በኤአይ የተሰራ ነው ብሎ መፃፍ ግዴታ መሆን አለበት።


ፊደል_ወዳድ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡00

ፅሁፉን ማንም አልነካውም እና እኔ ልንካው። ፊደል በኤአይ አታፅፊ፣ አለቀ። ምክንያቱን ልንገርሽ። የኛ መሰረታዊ ፊደል 33 ሲሆን በሰባት ሲባዛ 231 ነው፣ ዲቃላዎቹን ሳንጨምር፣ እና በ"በ" እና በ"ቡ" መካከል ያለው ልዩነት ጎኑ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ጭረት ናት። ብዙዎቹ ሞዴሎች ደግሞ ምስሉን በቀጥታ አይሰሩም፣ አሳንሰው ነው፣ የመጀመሪያው ስቴብል ዲፊውዥን 512 በ512 የሆነውን ምስል 64 በ64 አድርጎ ጨምቆ ነው የሚያስበው፣ ስምንት ፒክስል በስምንት ፒክስል አንድ ነጥብ ሆነ ማለት ነው። ያቺ ጭረት እዛ ውስጥ ትጠፋለች። አዲሶቹ የላቲን ፊደልን ጥሩ አድርገው መፃፍ ጀምረዋል፣ የኛን ግን አንዱን ልክ ፅፈው ሁለተኛውን ይሳሳታሉ። ባነር ላይ "ቡና" ተብሎ "በና" ቢወጣ መንገደኛው ሁሉ እሱን ነው የሚያየው።

ምስሉን ያለ ፅሁፍ ጨርሺው፣ ፅሁፉ የሚቀመጥበትን ቦታ ባዶ ተዪ፣ ፕሮምፕቱ ላይ ራሱ በስተቀኝ ባዶ ግድግዳ ብለሽ ጠይቂ። ከዛ ፅሁፉን ኢንክስኬፕ በሚባል የዲዛይን ፕሮግራም ጨምሪው፣ ነፃ ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሰራል፣ ፎንት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይ አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል አውርጂ፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ነጭ ፅሁፍ በጥቁር ግድግዳ ላይ ወፍራም አድርጊው፣ ቀጭን ፎንት ከሩቅ አይነበብም።


የህትመት_ልጅ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡25

ማተሚያ ቤት ነው የምሰራው፣ ከኤአይ የሚመጣልን ፋይል ላይ ያለው ችግር መጠኑ ነው። ስልክ ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው 1024 ፒክስል የሆነ ምስል በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ቢታተም 8.7 ሴንቲ ሜትር ነው የሚሆነው፣ የመዳፍ ያህል። ሁለት ሜትር ባነር ላይ ስንወጥረው ብዥ ይላል፣ ደንበኛው ደግሞ ማሽናችሁ ነው ያበላሸው ይለናል።

ባነር ከሩቅ ስለሚታይ 300 አያስፈልገውም፣ ለሁለት ሜትር 4000 ፒክስል ወርድ ካለሽ ወደ 50 ዲፒአይ ይመጣል፣ ከመንገድ ማዶ ለሚያየው ይበቃል። የስልክሽ ዋናው ፎቶ ብዙ ጊዜ 4000 በ3000 ነው ስለዚህ ጀበናውን ከዋናው ፎቶ ውሰጂ፣ ጀርባውን ብቻ አፕስኬል በሚባለው የምስል ማሳደጊያ አሳድጊ፣ አራት እጥፍ። አፕስኬል የሚያደርገው ነገር የሌለውን ዝርዝር ገምቶ መጨመር ስለሆነ ጥለትና ፊት ላይ አትጠቀሚው፣ ጥለቱን ያቀልጠዋል። ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ አትላኪልን ያሳንሰዋል፣ እንደ ፋይል ላኪ። ቀለሙ ላይ ደግሞ ስክሪን ላይ የሚያበራ ቀይና ብርቱካናማ ሲታተም ይደበዝዛል፣ ከፍሙ ቀይ ላይ ብዙ ተስፋ አታድርጊ፣ መጀመሪያ ትንሽ ቁራጭ አሳትመሽ እዪው።


የረከቦት_ልጅ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡50

ቤተሰብ ስለዘገየሁ ይቅርታ፣ ስሰራ ነው የከረምኩት። የሆነውን ሁሉ ልፃፍላችሁ ምክንያቱም ሌላም ሰው ይጠቅመዋል።

ሀሙስ ወደ 10 ሰዓት ላይ እህቴን መስኮት አጠገብ አስቀምጬ ስትቀዳ አነሳኋት፣ ነጠላዬን በስተቀኝ ወንበር ላይ ዘርግቼ። ስልሳ ምናምን ፎቶ ነው ያነሳሁት፣ አቦሉ አልቆ ቶናው ላይ ነው ጥሩው የተገኘው፣ የቡናው መስመር ቀጭን ሆኖ ሲኒው ውስጥ ሲገባ የያዝኩት አንድ ፎቶ አለ። ፊቷ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው፣ እሷም እንደዛ ይሻላል አለች።

መጀመሪያ ከምስል ወደ ምስሉን ሞከርኩት፣ 0.3 ላይ። ጀበናው ጀበና ሆኖ ቀረ፣ በጣም ደስ ብሎኝ ለእህቴ አሳየኋት። አየችውና "ሽቦው የታለ?" አለችኝ። የጀበናዋ እጀታ ዱሮ ተሰንጥቆ እናታችን በሽቦ አስራው ነበር፣ እኔ ፎቶ ሳነሳ ልብ እንኳ አላልኩትም፣ ማሽኑ ሽቦውን አጥፍቶ እጀታውን አለስልሶ አዲስ አድርጎታል። ሆዱ ላይ ያለውን ጥላሸትም ጠርጎታል። ስለዚህ ፒክስል በፒክስል ያልከኝን ሁለተኛውን መንገድ ያዝኩ፣ ማስኩን ገልብጬ እሷን፣ ጀበናውን፣ ረከቦቱን ሳልነካ ጀርባውን ብቻ። የኛ ቤት ግድግዳ ላይ የመብራት ቆጣሪና የኤክስቴንሽን ገመድ ነበር፣ እሱ ጠፍቶ ጠቆር ያለ የጭቃ ቀለም ግድግዳ ሆነ፣ የእጣን ጭስ በግራ ካለው ብርሃን ጋር ገብቶ። አስራ አራት ጊዜ ነው የሞከርኩት። አንዱ ላይ ከኋላ ራሱ ሌላ ጀበና ጨመረ፣ እሱም ማንቆርቆሪያ ነበር፣ ያንን በትንሽ ማስክ አጠፋሁት። ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ግድግዳው የሚገናኝበት ቦታ ነጭ መስመር ነበረው፣ ማስኩን ሁለት ሦስት ፒክስል ወደ ውስጥ ሳስገባው ጠፋ።

ቄጤማው እውነተኛ ነው፣ ከገበያ ገዝተን ነው የጎዘጎዝነው። እሱን ለማሽኑ መተው አልፈለግኩም።

አሁን የቀረኝ ፅሁፉ ነው። ኢንክስኬፕ ጫንኩ፣ በሁለቱም ፎንት ሞከርኩት፣ ይነበባል፣ ግን ፎቶው ሞቅ ያለ ሆኖ ፅሁፉ የመስሪያ ቤት ማስታወቂያ መሰለብኝ። የሰሌዳ ፀሐፊ ጋሼ፣ ቢያስቸግርዎት እንኳ እንዴት ላድርገው?


ፊደል_ወዳድ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡05

የሽቦው ነገር ልቤን ነካው። ጋሼ በብሩሽ ቢፅፉትና ብታስገቢውስ?


የሰሌዳ_ፀሐፊ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡00

ልጄ ምስሉን አሳይቶኛል፣ እጅሽ ይባረክ። ያ ሽቦ እንዳይነካ።

እኔ እፅፍልሻለሁ፣ ምንም አያስቸግረኝም። ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም በጠፍጣፋ ብሩሽ እፅፈዋለሁ፣ ልጄ ፎቶ አንስቶ እንደ ፋይል ይልክልሻል። እዛ ፕሮግራም ላይ ጥቁሩን ከነጩ ለይቶ መስመር የሚያደርግ ነገር አለ ብሎኛል፣ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ጥላ እንዳይወድቅ አድርገን እናነሳዋለን። የ"ቡ"ን ጭረት ወፈር አድርጌ ወደ ቀኝ አወጣታለሁ፣ ከመንገድ ማዶ ቶሎ እንድትለይ። "ና" ላይ ደግሞ እግሩን ትንሽ አስረዝመዋለሁ፣ ከስሩ የእህትሽ ስም በትንሹ ይገባል።

ፅሁፉ በስተቀኝ ነው የሚያርፈው አይደል? ግድግዳው እዛ ጋር ስንት ስፋት እንዳለው ለክተሽ ንገሪኝ፣ ወረቀቱን በዛ ልክ አዘጋጃለሁ።


የረከቦት_ልጅ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡12

ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። ባነሩ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ነው፣ በስተቀኝ ባዶው ግድግዳ 70 ሴንቲ ሜትር ወርድ አለው፣ ከላይ እስከ ታች። ማክሰኞ ነው የሚታተመው።